ድመቷ ምን አጠፋች?

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ቤቱ የአንቺው ነው።»

አባቴ ይህቺን ሲያነባት የአየር ጠባይ ትንበያ ትመስላለች። ሙሽራ የሚቀበል ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ዝናብ እንደሚኖር የሚያሳውቅ ነው የሚመስለው። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«አባዬ፣» አልኩት በማነጋገሪያው፣ «ይሄ ሰውዬ ደስ አላለውም እኮ። ሙሽራዋን ቢያንቃት ነው ደስ የሚለው።»

«ታዲያ ለምን እንኳን ደህና መጣሽ ይላታል?»

«ለዚያ ነዋ!»

«ለየትኛው?»

አጠገቤ የተቀመጠው የቀረጻ ባለሙያ፣ ሁላችንም ጆሮ እያልን የምንጠራው፣ ሳቁን በሳል ሸፈነው። የሚያስቀው ምኑ እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ባለኝ። የእኔ ጨጓራ ከተላጠ ሁለት ወር አልፎታል።

ሥራዬ የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማ በእኛ ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ነው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት አፏን ስትከፍት የእኛዋ ተዋናይ ግድግዳው ስፖንጅ በለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ማይክ ፊት ቆማ ትናገርላታለች። ቃሉ ከከንፈሩ እንዲገጥም፣ ለቅሶው ለቅሶ፣ ቁጣውም ቁጣ እንዲሆን የማደርገው እኔ ነኝ። ሲያምር ማንም ስሜን አያነሳም። ሲበላሽ ግን «ማናት ያዘጋጀችው?» ይባልና ስሜ ድንገት ለሁሉም ትዝ ይላል።

አባቴን እዚህ ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ የሚያቃጥለኝም ይሄ ነው፤ የማማርረው ሰው የለኝም። ዕድሜውን በሙሉ በሬዲዮ ዜና አንብቦ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሱ ዘንድ ገባሁ። ጠዋት ትቼው ስወጣ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ማታ ስመለስም እንደዚያው ነው። ጢሙ አደገ። ብላ ሲሉት ይበላል፤ ባይሉት ደግሞ የሚሻለው ይመስላል። እኔም ምን እንደምለው አላውቅም ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ወሬ የምታመጣው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። ስለዚህ ዝም ተባብለን ከረምን።

በመጨረሻ ዋናው ዘንድ ሄድኩ። ዋናው የምንለው የስቱዲዮውን ባለቤት ነው። «የአባቴ ድምፅ የታወቀ ነው፤ ለቱጃሩ ይሆናል» ብዬ ለመንኩት። ቱጃሩ የድራማው ክፉ አማት ነው፤ የሆቴሎች ባለቤት፣ ልጁ ያመጣትን ሙሽራ በፈገግታ ቆራርጦ የሚጨርስ። ዋናው ራሱን ነቀነቀና «እስቲ ይሞከር» አለ።

በመጀመሪያው ጠዋት አባቴን ጢሙን ተላጭቶ፣ ከረባት አስሮ በር ላይ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እዚያ ማይክ እንጂ ካሜራ የለም ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ያን ከረባት ካየሁ በኋላ ሌላው ጣጣ ሁሉ ቀልሎ ታየኝ። ይህ ሥራ ከተወሰደበት ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሚያስነሳው አላውቅም። እንዳይወሰድበት ማድረግ ነበረብኝ፤ በቃ።

ችግሩ ቱጃሩ ነው። ይህ ሰውዬ አንድም ቀን ቀጥ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሲጠላ ያሞግሳል፣ ሊያባርር ሲፈልግ ወንበር ስቦ ተቀመጥ ይላል፣ ሊያዋርድ ሲያስብ እጅ ይስማል። አባቴ ደግሞ የተጻፈውን እንደተጻፈ ሲያነብ የኖረ ነው። ቱጃሩ የሙሽራዋን ደሃ እናት አይቶ «እንዴት ያለ ያማረ ጫማ ነው ያደረጉት!» ሲል፣ አባቴ ጫማው በእርግጥም ያማረ መሆኑን ለሕዝብ አሳወቀ። ዋናው ያን ቀረጻ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ግሩም ነው» አለኝ፤ «የስፖርቱ ዜና መቼ ነው የሚከተለው?»

ምን ላድርግ? በቀቀንን ጠራሁት። በቀቀን የሰው ድምፅ የሚሰርቅ ተዋናይ ነው፤ የዋናውን ሳል ሳይቀር አስመስሎ ሠራተኛውን ሁሉ ያስደነግጣል። አባቴ ጠዋት ያነባል። «በጣም ጥሩ ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ። «አመሰግናለሁ» ይለኝና ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ቤት ይሄዳል። ከምሳ በኋላ በቀቀን ይገባና ያንኑ ሁሉ በአባቴ ድምፅ፣ ግን በቱጃሩ ክፋት፣ እንደ አዲስ ይናገረዋል። አየር ላይ የሚውለው የበቀቀን ነው። ጆሮ ያውቃል፣ ዋናው ያውቃል፣ ወለል የምትወለውለው ሴት እንኳ ታውቃለች። የማያውቀው አባቴ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ድራማ ውስጥ ሲሆን ተመልካች ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ኧረ ንገሩት!» ይላል፤ ደስም ይለዋል። ማታ ማታ ከዚያው ሰው ጋር እራት መብላት ግን ምንም ደስ አይልም።

ቢያንስ ይማር ብዬ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። አንድ ምሽት ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ።

«ጎበዝ!» አልኩት።

«ማን?»

«አንተ ነሃ።»

«ብርጭቆ ሰብሬ?»

«አየህ፣ ሽሙጥ ማለት ይሄ ነው። አፌ ጎበዝ ይልሃል፤ ድምፄ ግን ሌላ ነገር ነው የሚልህ።»

«ድምፅሽ ምንድነው የሚለኝ?»

«ዓይንህ የት ነው ያለው ነው የሚልህ!»

«ታዲያ ለምን እንደሱ አትይኝም?» አለና ስብርባሪውን መልቀም ጀመረ።

በሌላው ምሽት ስለ ለበጣ ነገርኩት፤ ልብ ሳይኖርበት ጥርስ ብቻ ስለሚስቀው። ሳቀልኝ። እንዴት እንደሳቀ አልናገርም። ከዚያ ወደ አግቦ አለፍኩ፣ ለአንዱ እየተናገሩ ሌላውን ወደሚወጉበት። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የጥበቡ ባለቤት እናቴ ነበረች። አባቴ ጫማውን ሳይጠርግ ተወልውሎ ያላለቀ ወለል ላይ ሲገባ አንድም ቀን እሱን ተናግራው አታውቅም። የምትናገረው ድመቷን ነበር። ድመቷ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ እናቴ መወልወያዋን ይዛ ትቆምባትና፣ «አንቺ ድመት! በጭቃ እግርሽ ወለሌ ላይ አትውጪ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ? የሰው ልፋት አይታይሽም?» ትላታለች። አባቴ ከጋዜጣው ቀና ይልና «ድመቷ ምን አጠፋች?» ይላል። እናቴ ይሄኔ ሁሉን ትታ ኩሽና ትገባለች። እኔ በበሩ ክፍተት ጀርባዋን አያለሁ፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጅ ሆኜ ለዚያች ትከሻ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ካደግሁም በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አባቴን ለዚያ ነገር ይቅር አላልኩትም ነበር።

«ያን ጊዜ እናቴ የምትናገረው በእውነት ድመቷን መስሎህ ነበር?» አልኩት፣ ሾርባው ላይ አጎንብሶ ሳለ።

ማንኪያውን እፍ እፍ አለ። «ጥሩ ድመት ነበረች» አለኝ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቢሆንም አላቆምኩም፤ ግትርነቴን የወረስኩት ከሁለቱም ነው።

«ምጸት እንግዲህ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ሌላ ቀን።

«አይደለም! ውሸታም እንድታምነው ይፈልጋል። ይሄኛው ደግሞ እንዳታምነው ነው የሚፈልገው።»

አሰበበት። «እኔ በሥራ ዘመኔ ውሸት አንብቤ አላውቅም» አለ።

በዚያ ሬዲዮ! ጠዋት የደረሰውን አዝመራ ማታ ገና እየተዘራ ነው በሚል ሬዲዮ! ያለኝን ሽሙጥ ሁሉ አሟጥጬ «አዎ አባዬ፣ አንዲት ቀን እንኳ!» አልኩት።

«አመሰግናለሁ» አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ድራማው በሚተላለፍበት ምሽት ከላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ትወርዳለች። የራሷ ቴሌቪዥን አላት፤ ግን ቱጃሩን ከቱጃሩ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት ሌላ ነው ትላለች። ቱጃሩ አፉን ሲከፍት «ወይ ጋሼ! ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነዎት!» ብላ ታጨበጭባለች። አባቴ ድምፁን ከፍ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በራሱ ድምፅ ፍቅር የተያዘ ነበር የሚመስለኝ። ሲያልቅ «በደንብ ተናግሮታል» ይላል። እኔ ኩሽና ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጥባለሁ።

ዛሬ ግን ማምለጫው ተዘጋ። በቀቀን ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ትናንት ተሰናብቶናል። የቀረን ደግሞ ተመልካች ሲጠብቀው የከረመው የሠርጉ ቀን ነው። ቱጃሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንግዳው ሁሉ እያየው፣ የሙሽራዋን ግንባር ስሞ ያችን ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሙሽራዋ የገባችበት ቤት እስር ቤት መሆኑን የምታውቀው ከድምፁ ነው። ድምፁ ካልነገራት ከዚያ በኋላ ያለው ድራማ ሁሉ ትርጉም የለውም።

«እንደገና» አልኩ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። ቤቱ የአንቺው ነው።» ቀላል ዝናብ።

«እንደገና!»

ከባድ ዝናብ።

ተነስቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ስፖንጁ ጩኸት ይውጣል፤ ስለዚህ አልራራሁም። «አባዬ! በሕይወትህ አንድ ሰው አናዶህ አያውቅም? ጎንህን ወግቶህ፣ አንተ ግን እንግዳ አለ ብለህ ፈገግ ያልክበት ቀን የለም? አንድ ቀን እንኳ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አለ» አለ።

«እኮ! እሱን አስበዋ!»

«እሺ» አለና ከረባቱን አስተካከለ።

ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የማነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኜ «በል እንግዲህ» ከማለቴ ዋናው በሩን በርግዶ ገባ።

«እስካሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር?»

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ሁለት ወር ሰጠሁሽ! ሁለት ወር ሙሉ እሳቸው ያነባሉ፣ በቀቀን ይሸፍናል። አንዲት የእሳቸው ቃል አየር ላይ ውላ አታውቅም። አሁን በቀቀን የለም። አባትሽ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ፤ ግን ይሄ ስቱዲዮ እንጂ መጦሪያ ቤት አይደለም። ዛሬ ካልሆነላቸው ነገ እንዳይመጡ ንገሪያቸው። አንቺ ካቃተሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጆሮ እጄን ነካ አደረገኝ። በአገጩ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመኝ። የማነጋገሪያው ቀይ መብራት በርቷል። ጣቴ ከቁልፉ ላይ አልተነሳም ነበር።

ከመስታወቱ ወዲያ አባቴ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ይዞ ቆሟል። የተባለውን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ከረባት፣ ያ የተላጨ ጢም፣ ያ ሁሉ ጩኸቴ በአንዲት ጣት ተበላሸ ብዬ በራሴ አረርኩ።

አባቴ ጽሑፉን አጥፎ አስቀመጠው። ስክሪኑን አላየም። እኔን አየኝና ፈገግ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየውን ዓይነት ፈገግታ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለ፤ «ልጄ።» ትንሽ ቆየ። «ቤቱ የአንቺው ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንዲያውም ለስለስ አደረገው። ግን «ልጄ» ያላት ቃል አንጀቴ ድረስ ገባች። በቀቀን በሁለት ወር ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር ተናግሮ አያውቅም።

«ተቀድቷል» አለ ጆሮ በሹክሹክታ። «ከንፈሩም ገጥሟል።»

ዋናው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ግሩም ነው» አለ፤ ግሩም ብሎ ግሩም ማለቱ የዚያን ቀን ብቻ ነበር። የሚያይበት ቦታ አጥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩበት። ባርኔጣውን አድርጎ ደረጃውን ሊጀምር ነው።

«አባዬ፣ ይቅርታ። እንዲህ እንድትሰማው አልፈለግሁም ነበር።»

«የቱን?»

«የበቀቀንን ነገር።»

«እሱንማ ከመጀመሪያው ምሽት ሰምቼዋለሁ» አለ። «ጎረቤቷ ስታጨበጭብ። ዕድሜዬን በሙሉ ይሄን ድምፅ በማዳመጫ ስሰማ ኖሬ፣ የኔን ከሰው አልለይም? ልጁ ጎበዝ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ብቻ ይቸኩላል።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። «እያወቅህ ነው? አልከፋህም?»

«ከፋኝ እንጂ! በጣም ነው የከፋኝ። ነገ አልሄድም ብዬ ነበር ያደርኩት።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ባርኔጣውን አወለቀ፤ ውስጡን ተመለከተና መልሶ አደረገው። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደምን ዋልክ፣ ብላ፣ ደህና እደር ነው የምትይኝ። ሌላ ቃል አልነበረሽም። እዚህ ግን ጠዋቱን ሙሉ ትጮኺብኛለሽ። ማታም እራት ላይ ትጮኺብኛለሽ። ቤቱ ሞቀ።»

ምን ይባላል ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው? ልስመው ወይስ ላንቀው መወሰን አቃተኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስለዚህ መናገር ትችል ነበር? ሆን ብለህ ነው የአየር ጠባይ የምታነብብኝ?»

«መጀመሪያ ላይ በእውነት አልሆነልኝም» አለ። «ሰውየው ያስጠላኛል። ከገባኝ በኋላ ግን፣ ከቻልኩት ማስተማሩን ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ እንኳ ነገ አይምጡ ባይል ኖሮ ትንሽ እቆይ ነበር።»

«አባዬ! አብደሃል? ጨጓራዬን እኮ ላጥከው! እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ የለኝ፣ ከዋናው ጋር ተጣላሁ፣ በቀቀንን ለመንኩ፣ አንተ ቁጭ ብለህ—»

«አየሽ?» አለኝ ደስ ብሎት። «ይሄን ነው የምልሽ።»

ደረጃውን አብረን መውረድ ጀመርን። እኔ አሁንም እያጉረመረምኩ ነው። መሀል ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ።

«ድመቷስ?»

«የቷ ድመት?»

«ድመቷ ምን አጠፋች የምትላትስ? እሱንም እያወቅህ ነበር?»

ጥቂት ደረጃ ወርዶ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ። «እናትሽ ኩሽና ገብታ ስትስቅ እንዳይሰማባት ፎጣ አፏ ላይ ትይዝ ነበር። እኔ ግን ጋዜጣው ውስጥ ሆኜ እሰማት ነበር።»

ያቺ ትከሻ ለካ በሳቅ ነበር የምትንቀጠቀጠው። እኔ አልጋ ውስጥ ገብቼ ሳለቅስላት፣ አድጌም በልቤ አባቴን ስከስስላት፣ ሁለቱ እኔ ሳይገባኝ ሲጫወቱ ኖረዋል። ሌላው ሁሉ የሚያውቀውን ብቻዋን የማታውቀው ባለታሪክ በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ አስተምረዋለሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። እናቴንም እንደዚያ ቀን ናፍቄያት አላውቅም።

ሠርጉ በተላለፈበት ምሽት ጎረቤታችን ወረደች። ቱጃሩ «ልጄ» ሲል አላጨበጨበችም፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ ዛሬስ አስፈሩኝ» አለች ሲያልቅ። «ምነው ድምፅዎ ተለወጠብኝ?» ደህና እደሩ ብላ ስትወጣም በሩ ላይ ዞር ብላ አየችው።

አባቴ ዓይኑን አልጨፈነም ነበር። ጋዜጣውን ዘርግቶ ከኋላው ተደብቋል።

«በጣም ጥሩ ነበር፣ አባዬ» አልኩት፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ ዜና እንደሚነበብ ቀጥ አድርጌ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ከጋዜጣው በላይ የሚታየኝ ግንባሩ ብቻ ነው፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈም። ስንት አመሰግናለሁ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፤ ብርጭቆውን፣ ሬዲዮውን፣ የጠዋቱን «በጣም ጥሩ ነው» ሁሉ።

«የትኛው አመሰግናለሁ ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩበት። «ቀጥተኛው ነው ወይስ ሌላው? አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ብትናገር ምን አለበት!»

ጋዜጣውን ገለጠ።

«ድመቷ ምን አጠፋች?» አለ።

ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ፎጣውን ከተሰቀለበት አውርጄ አፌ ላይ ያዝኩት።